ለመምህራን ቤት የመረጥነው ሰው

ወረታ በመምህርነት በተመደብሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በንጉሡ ዘመን፣ ለመምህራን መኖሪያ የሚሆኑ አራት ቤቶች እንዲሠሩ የመንግሥት በጀት ተፈቀደ። ሥራውን ማን ይውሰድ የሚለውን የሚወስን አምስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔም መምህራንን ወክዬ ገባሁ።

የቀረቡት ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው በፎገራ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት የሠሩ ሽማግሌ ግንበኛ፣ ሌላው ከጎንደር የመጣ ወጣት ሥራ ተቋራጭ። ክርክሩ ሦስት ስብሰባ ፈጀ። ሁለት ለሁለት ሆነን የእኔ ድምፅ ቀረ።

ሽማግሌው ተጠርተው ሲገቡ ጋቢያቸውን አደግድገው ቆሙ።

«ይኸ መሬት ዋልካ ነው» አሉ። «ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። መሠረቱ ከጠንካራው መሬት ካልደረሰ ግድግዳውን ይተረትረዋል። ለቁፋሮው ብቻ አንድ በጋ ስጡኝ።»

«በጋውን ሙሉ ጉድጓድ ስናይ ልንባጅ ነው?» አለ ሰብሳቢው። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። የተከራየሁት የሣር ቤት ያፈስ ነበርና ከክረምት በፊት ቆርቆሮ ሥር መግባት ፈለግሁ። እጄን ለተቋራጩ አነሣሁ።

ቤቶቹ በቶሎ አለቁ። አንዱ ለእኔ፣ አጠገቤ ያለው ደግሞ ለአንድ ባልደረባዬና በቅርቡ ለወለደች ሚስቱ ደረሰ። በገባን በሁለተኛው ዓመት መስከረም፣ ትምህርት በተከፈተ ሳምንት፣ ባልደረባዬና እኔ ክፍል እያስተማርን ሳለ የነሱ ግድግዳ ወደ ውስጥ ወደቀ። ዝናቡ ካባራ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር፤ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ሕፃኗ ተረፈች፤ እናቲቱ ሞተች። ፍርስራሹን ሲያነሡ ከዋሉት አንዱ ሽማግሌው ነበሩ።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ቤታቸው ሄድሁ።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ ነግረውን ነበር» አልሁ።

አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ልጄ፣ መሠረቱ ሲቆፈር በዚያ አልፌአለሁ። ከጉልበቴ አይበልጥም ነበር። አንድ ቃል ብናገር ምን ነበረበት? ስለሳቃችሁብኝ ግን ይዩት ብዬ ዝም አልሁ። አንቺ ሳታውቂ ነው የመረጥሽ፤ እኔ እያወቅሁ ነው ያለፍሁ።»

ተቋራጩ ወረታ ተመልሶ አልመጣም። የቀሩትን ሦስት ቤቶች ለቅቀን ወጣን። በዚያው በጋ ሽማግሌው ከፍ ካለ ቦታ ላይ ለባልደረባዬ ቤት ሠሩለት፤ የመሠረቱ ጉድጓድ የሰው ቁመት ያህል ጥልቅ ነበር። እሱ ግን አልገባበትም። ሕፃኗን ይዞ እናቱ ዘንድ ወደ ይፋግ ሄደ፤ ቤቱን ለእኔ ተወው።

ሰባት ዓመት ኖርሁበት። ግድግዳው አንድም ቀን አልተሰነጠቀም። ያም ሆኖ ዝናብ አባርቶ ፀሐይ በወጣ ቁጥር አልጋዬን ወደ ቤቱ መሐል እስብ ነበር።