ሳንሰማ ያልነው እሺ

በውኃ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩ። ለሌላው ሁሉ ሃሎሃሎ ነው። ስብሰባ ባለበት ቀን ማንም ሳይገባ አዳራሹን ይከፍትና ከማይክ ማይክ እየዞረ «ሃሎ፣ ሃሎ» ሲል ያረፍዳል፤ ስሙም የወጣለት ከዚያ ነው። እሱም አልከፋውም። ባለቤቱ ሳትቀር ስትቀልድበት «ሃሎሃሎ፣ እራት ቀርቧል» ትለው ነበር።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ካሜራውን፣ ማይኮቹንና የአዳራሹን ስፒከሮች ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኛል፤ እዚህ የተቀመጡት ሰዎች ሩቅ ካሉት ቅርንጫፎች ጋር ፊት ለፊት ተያይተው ይነጋገራሉ። ሲሠራ ማንም አያስታውሰውም። ሲበላሽ ግን አዳራሹ በሙሉ አንገቱን አዙሮ እሱን ያያል።

ከዓመታት ልምድ ያወጣት አንዲት ደንብ ነበረችው፤ ተናጋሪን አታስደንግጥ። ከወዲያ በኩል ያለው ሰው እየተናገረ ድምፁ ቢጠፋ፣ ሃሎሃሎ ካሜራው አጠገብ ይቆምና ፈገግ ብሎ አውራ ጣቱን ያነሣል። ቀጥል፣ ሁሉ ደህና ነው ማለቱ ነው። ደህና ያልሆነውን በሌላ እጁ ጠረጴዛ ሥር ያስተካክላል። ሰው አንዴ «አልተሰማህም» ከተባለ ይደናበራል፤ ሐሳቡ ይበተንበታል፤ ስብሰባውም አብሮ ይበተናል። አንድ ጊዜ የአንድ ቅርንጫፍ ኃላፊ ስለ ቧንቧ ጥገና አንዲት ቃል ሳትሰማ ተናግሮ ጨርሷል። ጭብጨባው ግን ደማቅ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ያን ቀን ጀርባውን መታ አድርጎ «አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር» ብሎታል።

ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሳል ያዛት፤ ቀላል ነው ተባለ፤ ከዚያ ቀላል አይደለም ተባለ። ሳንባዋ ነው ብለው ወደ ሌላ ከተማ ትልቅ ሆስፒታል ላኳት። የገባችበት ክፍል ጠያቂ አይገባበትም። ሃሎሃሎ ሄዶ በመስተዋት እንኳ ሊያያት አልቻለም፤ ያመጣላትን ጋቢ በር ላይ ተቀብለው እሱን መለሱት። በየቀኑ ስልክ ይደውላል፤ ነርሷም በየቀኑ «ያው ናት» ትለዋለች። አንድ ቀን ግን «ያው ናት» አላለችም።

«ነገ ሐኪሞቹ ከዞሩ በኋላ በታብሌት ላገናኛችሁ እችላለሁ» አለችው። «ልታያት የምትፈልጉ ሁሉ ተሰብሰቡ። ለሌላ ቀን ባታሳድሩት ይሻላል።»

ሃሎሃሎ ስልኩን ዘግቶ ቆመ። ከዚያ ግን እጁ የሚያውቀው ሥራ ስላለ ወደዚያ ሸሸ። በስልክ አይሆንም ብሎ አሰበ፤ አማቱ ጆሯቸው ከባድ ነው፣ ዓይናቸውም ደክሟል፤ በዚህች ትንሽ ስልክ ልጃቸውን ሊያዩም ሊሰሙም አይችሉም። አዳራሹ ግን አለ።

«ከስብሰባው በፊት አዳራሹን ልጠቀምበት?» ብሎ ሥራ አስኪያጁን ጠየቀው።

«ለምን ጉዳይ?»

«ባለቤቴን ላናግርበት።»

ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አወለቀ። «አዳራሹ ያንተ ነው» አለው። «እኛ እንግዶች ነን።»

በማግስቱ አማቱ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ጺማቸውን ተላጭተው መጡ። ከፊት ባለው የሥራ አስኪያጁ ወንበር አስቀመጣቸው። ሽማግሌው ለዓመታት ያልሰሙትን ሁሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ ደጋግሞ «ምን አልክ?» ማለት ሰውን ማድከም ነው ይላሉ። አጠገባቸው የልጅ ልጃቸው ተቀመጠች። እናቷ «ጠበቃ» የምትላት፣ በነገር የማትሸነፍ ልጅ ናት፤ ያን ቀን ግን የአያቷን ካፖርት ጫፍ ጨብጣ ነበር።

«ዛሬ ሊቀመንበሩ እኔ ነኝ ማለት ነው?» አሉ ሽማግሌው ወንበሩን እየዳሰሱ።

«አዎ አባባ» አለ ሃሎሃሎ በጆሯቸው። «አጀንዳውም የእርስዎ ነው።»

ላፕቶፑን ከስፒከሮቹ ጋር አገናኘ፤ ማይኩን ከአማቱ ፊት አደረገ፤ ጥሪውን ተቀበለ። የነርሷ ፊት ታየ፤ ከዚያ ታብሌቱ ሲዞር ጣሪያ፣ መጋረጃ፣ ትራስ፤ በመጨረሻም እሷ። አፍና አፍንጫዋ ላይ የኦክስጅን ጭንብል አለ።

«ትሰሚኛለሽ?» አላት።

«እሰማሃለሁ።» ድምፅዋ ጭንብሉ ውስጥ ታፍኖ፣ ግን በአዳራሹ አራቱም ማዕዘን ወጣ። «ሃሎ ሃሎ በል እንጂ፣ ዛሬ ረሳኸው?»

«ሃሎ፣ ሃሎ» አለ። ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ሆነና እስኪያልፍላት ጠበቋት። ነርሷ ታብሌቱን አልጋው ግርጌ ማቆሚያ ላይ አስቀመጠችውና «ብዙ አታድክሟት፣ ጭንብሉም አይወልቅም» ብላ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደች።

በዚህ መሀል ሽማግሌው «የታለች? እኔ የማየው ኮምፒውተር ነው» አሉ።

ሃሎሃሎ ይህን አላሰበበትም ነበር። ለእሱ ዓይን ላፕቶፑ በቂ ነው። ተነሥቶ የትልቁን ስክሪን ገመድ ሰካ። ግድግዳው ላይ ፊቷ ተገልጦ ወጣ። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ እናቷ ይህን ያህል መክሳቷን በትንሹ ስክሪን አላየችም ነበር። ሽማግሌው ወደ ፊት አጎነበሱ። «ይኸውና» አሉ። «ይኸውና ልጄ።»

አባቷ ሊያዩዋት ሲያጎነብሱ እሷም ከወዲያ አየቻቸው። እጇን ሰድዳ ጭንብሉን አወለቀች። ከዚያ መናገር ጀመረች።

ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አዳራሹ ጭር ብሏል።

የሃሎሃሎ አውራ ጣት ያኔ ተነሣ። እሱ ያነሣው አይመስልም፤ ለዓመታት እንደተነሣው ራሱ ተነሣ። ፈገግታውም አብሮ መጣ። ባለቤቱ ጣቱን አየች፤ ቀጠለች። ዓይኗን ወደ አባቷ መለሰች፤ አባቷ እየነቀነቁ ነው። ይበልጥ ቀጠለች።

«አባዬ፣ አይሰማም» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ።

«ቆይ።»

በጉልበቱ ተንበርክኮ የስፒከሩን ገመድ ነቅሎ ሰካ። ምንም የለም። የድምፅ ማሠራጫውን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። ምንም የለም። ግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬት ነካካ። ሌላ ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያገኘውን መሰኪያ አጣው። ቀና ባለ ቁጥር ትናገራለች። አንዴ ጣቷን አንሥታ ወደ ልጅቷ ጠቆመች። አንዴ ወደ እሱ ጠቆመች። አንዴ ቆም ብላ አየር ሳበችና እንደገና ጀመረች።

«አባዬ፣ አይሰማም እኮ። ንገራት።»

«ቆይ አልኩሽ፣ ይመጣል።»

በመጨረሻ ትዝ አለው። አዲስ ስክሪን ሲሰካ ኮምፒውተሩ ድምፁን ከስፒከሮቹ ነጥቆ ወደ ስክሪኑ ይልካል። የስክሪኑን ድምፅ ደግሞ ከስፒከሮቹ ጋር እየተጣላ ስለሚያስቸግር ድሮ የዘጋው እሱ ራሱ ነው። ሲሠራ ለብቻው የሚያጉተመትማት ነገር ነበረች፤ «ከሥዕል በኋላ ድምፅ»። ዛሬ ሥዕሉን ሲያይ ሌላው ሁሉ ከጭንቅላቱ ጠፋ። ላፕቶፑ ላይ ዘሎ ስፒከሮቹን መረጠ።

ድምፁ ፈንድቶ ገባ። መጀመሪያ የኦክስጅኑ ሽሽ የሚል ድምፅ፤ ከዚያ የሩቅ አልጋ ሳል፤ ከዚያ እሷ።

«…ይኸው ነው። ሌላ የለኝም። እሺ በሉኝ።»

ሃሎሃሎ አፉን ከፈተ። ጭንብሉ ገና በእጇ ነው፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። እንደገና በይ ቢላት እንደገና ትላለች። ትችላለች ወይ?

«እሺ በሉኝ እንጂ» አለች።

ስፒከሮቹ ከፍ ብለው ስለነበር ይህችን ሽማግሌውም ሰሙ። «እሺ ልጄ» አሉ። ልጅቷ አባቷን አየችው። «እሺ እማዬ» አለች። ቀጥሎ እሱ «እሺ» አለ።

ጭንብሉን መልሳ አጠለቀችና ዓይኗን ጨፈነች፤ የተሸከመችውን አውርዳ ያረፈች ትመስል ነበር። ነርሷ ተመልሳ «ማን አውልቂ አለሽ?» ስትል ተሰማ። እጅ ታየ፤ ከዚያ ጥሪው ተቋረጠ። ግድግዳው ላይ ሦስቱ ብቻቸውን ቀሩ፤ የራሳቸው ካሜራ ራሳቸውን አግዝፎ ያሳያቸዋል።

«ምንድን ነው እሺ ያልነው?» አለች ልጅቷ።

ሃሎሃሎ አማቱ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ሲነቀንቁ ነበር፤ ቅርብም ነበሩ፤ ምናልባት ከከንፈሯ ያነበቡት ይኖራል። «አባባ፣ ምን አለች?» አላቸው።

ሽማግሌው ትኩር ብለው አዩት። «አንተ አልሰማህም?»

«አልሰማሁም።»

«እጅህን አንሥተህ ሳይህ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እሱ ሰምቷል፣ ኋላ ይነግረኛል ብዬ ነው እኮ የነቀነቅኩት።»

በሩ ተከፈተ። የስብሰባው ሰዎች መግባት ጀምረዋል።

ያን ቀን ኮምፒውተሩን በረበረው። ያልተቀዳ ጥሪ አይገኝም፤ ቀረጻ የሚጫነው ሥራ አስኪያጁ ሲያዝ ብቻ ነው፣ ዛሬ ደግሞ ያዘዘ አልነበረም። ነርሷጋ ደወለ። «ሌላ አልጋ ላይ ነበርኩ ወንድሜ፣ አልሰማኋትም» አለችው። «ነገ ላገናኝህና አንተው ጠይቃት።» በነጋው ሲደውል በማሽን እየተነፈሰች ነው አለችው፤ ተኝታለች፤ አትናገርም። ከዚያ እንቅልፍ አልነቃችም።

ከቀብሩ በኋላ ለቀስተኛው ሁሉ ከቤት ሲወጣ ልጅቷ አባቷ ፊት ቆመች።

«ለምን አልሰማንም አላልካትም?»

«እንዳትደነግጥ ብዬ።»

«እማዬ መቼ ደንግጣ ታውቃለች?»

ሃሎሃሎ አውራ ጣቱን መዳፉ ውስጥ ጨበጠ።

ሰው ቃል ከገባ መጠበቅ አለበት፤ ሃሎሃሎ ግን የገባውን ቃል አያውቀውም። ስለዚህ ልትለው የምትችለውን ሁሉ ማድረግ ጀመረ። ሲጋራውን ተወ፤ ስትጨቀጭቀው የኖረችው እሱን ነውና። የሚንጫጫውን የጓዳ በር ማጠፊያ ቀየረ። አማቱን ከብቸኛ ቤታቸው አምጥቶ እሱጋ አኖራቸው። ከተኳረፈው ታላቅ ወንድሙ ዘንድ ሄዶ በር አንኳኳ፤ ወንድሙም ከፈተለት፤ ብዙም አልተነጋገሩም። የደንበኞቿን ልብስ፣ ያለቀውንም ያላለቀውንም፣ እየዞረ መለሰ። አንዱን ጨርሶ ሌላውን ሲጀምር አያርፍም። ይህ ይሆን? ወይስ ያኛው? ሌሊት አልጋው ላይ ተቀምጦ የከንፈሯን እንቅስቃሴ በራሱ ከንፈር ለመድገም ይሞክራል። ወደ ልጅቷ የጠቆመችው ምን ስትል ነው? ወደ እሱስ?

«ስለ ትምህርቴ ይሆናል» ትላለች ልጅቷ አንዳንዴ።

«እንዳታለቅሱ ብላ ይሆናል» ይላሉ ሽማግሌው።

«እሱን ከሆነ አፍርሰናል» አለች ጠበቃ። በዚያ ቤት ከብዙ ጊዜ በኋላ ሦስቱም ፈገግ አሉ፤ ቶሎም ተዉት።

ሥራ ከተመለሰ በኋላ አንድ ቀን የሩቅ ቅርንጫፍ ኃላፊ በስክሪን ቀርቦ ሪፖርት ያቀርብ ነበር። መሀል ላይ ድምፁ ጠፋ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ አዳራሹ ጭር አለ። ሥራ አስኪያጁ ዘወር ብሎ ወደ ሃሎሃሎ አየ፤ ጣቱ እንዲነሣ እየጠበቀ ነው። ጣቱም ሊነሣ ጀምሮ ነበር። ሃሎሃሎ እጁን በሌላ እጁ ያዘው። ከዚያ አንድ ማይክ ከጠረጴዛ ላይ አነሣ።

«ይቅርታ፣ አቁሙልኝ» አለ። «አልሰማንዎትም።»

ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው ደነገጠ። ወረቀቱን አየ፣ ግራ ቀኝ አየ። አዳራሹ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሣ።

«ምነው ሃሎሃሎ፣ ሰውየውን አስደነገጥከው እኮ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ይደንገጡ» አለ እሱ።

ተንበርክኮ ገመዱን አየ፤ ላልቶ ነበር፤ ጠበቅ አደረገው። ድምፁ መለስ ሲል እንደገና ማይኩን ያዘ።

«ከመጀመሪያው ይበሉልን።»

«ከሰላምታው?»

«ከሰላምታው።»

ሰውየው ጉሮሮውን ጠርጎ ከሰላምታው ጀመረ። ሃሎሃሎ ካሜራው አጠገብ ቆመ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ድምፁ መድረሱን እንጂ ሰው የሚለውን አዳምጦ አያውቅም ነበር። አሁን ስለ ዛገ ቧንቧና ስለሚንጠባጠብ ማጠራቀሚያ የተባለውን አንድ በአንድ ሰማ። ሰውየው ጨርሶ ወረቀቱን አጠፈ።

«ተሰማ?» ብሎ ጠየቀ።

«ተሰማ» አለ ሃሎሃሎ። ማይኩን በቦታው አስቀመጠና፣ ሰውየው ከስክሪኑ ሲጠፋ፣ ያን ቀን ባለቤቱ ወደታየችበት ግድግዳ ፊቱን አዞረ።