የፋንታዬ ቢላ

ከአረካ ወጣ ብላ ባለችው ሰፈር ፋንታዬን የማያውቅ የለም። ባሏ ገና በወጣትነቷ ሞተባት፤ ልጅም አልወለደች። ዕድሜዋን የጨረሰችው የሰው ቤት ስትሞላ ነው። እንሰት የሚፋቅበት ቤት ካለ ቢላዋን በጨርቅ ጠቅልላ ከሁሉ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። «ሰው መልካም ነው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ታዩታላችሁ» ትል ነበር። ክፉ ቀን ገና አልመጣባትማ!

የበልግ ዝናብ በቀረበት ዓመት ስኳር ድንቹ ማሳ ላይ ደረቀና ሰፈሩ ሁሉ ዓይኑን እንሰት ላይ ጣለ። በዚያው ሰሞን የእንሰት አጠውላጊ በሽታ ገባ። የልማት ሠራተኛው እየዞረ፣ «በሽታው የሚተላለፈው በቢላ ነው። ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ስትሄዱ በእሳት አግሉት» ብሎ አስጠነቀቀ። ፋንታዬም በጆሮዋ ሰምታለች።

የጎረቤቷ የቦልቴ ሚስት ወይንሸት አልጋ ከያዘች ቆይታለች፤ በሰፈሩ ደግሞ ወንድ እንሰት አይፍቅም። የጓሯቸው እንሰት ቢጫ መሆን ሲጀምር ሰዉ ሁሉ ከደጁ ሸሸ። ፋንታዬ ግን ገባች። የተረፈውን ቆርጣ፣ ፍቃ ስትጨርስ ቢላዋን ይዛ ወደ ምድጃው ዞረች። ወይንሸት እሳቱ አጠገብ ተኝታ ታያታለች። በዚህች ሴት ፊት ቢላ ማጋል፣ «ቤታችሁ የተበከለ ነው» ብሎ መስደብ መሰላት። ይሉኝታ ያዛትና በቅጠል ብቻ ጠርጋው ወጣች።

ቤቷ ሳትደርስ ሌላዋ ጎረቤቷ ሰብለ መንገድ ላይ ያዘቻት። አራስ ናት፤ ልጆቿም ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም።

«እትዬ ፋንታዬ፣ በጌታ፣ አንዷን ብቻ ቁረጪልኝ!»

ፋንታዬ ቢላው ትዝ አላት። የልጆቹን ፊት ስታይ ግን መታገስ አቃታት። እንሰቱን ቆርጣ ሥሩን ቀቀለችላቸው፤ ከሌሎቹም እንሰቶች ላይ በዚያው ቢላ ለማቅረቢያ የሚሆን ቅጠል ቆረጠች።

ከወራት በኋላ የሰብለ ጓሮ ጠወለገ። ፋንታዬ ዝም ብትል ማን ያውቅባት ነበር? የዋሂቱ፣ ሌሎቹ እንዲጠነቀቁ ብላ ሽማግሌዎች ፊት ቆመች።

«ከጋሽ ቦልቴ ጓሮ ወጥቼ ቢላዬን ሳላግል ነው የገባሁት» አለች።

ቦልቴ መሬት መሬቱን እያየ፣ «የእኔ እንሰት ደህና ነበር። በሽታውን ያመጣችው እሷ ናት» አለ።

የእሱን ጓሮ አይተው የሸሹት ሁሉ እዚያው ተቀምጠዋል። አንድ እንኳ አፉን የከፈተ የለም። ይሄ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ።

ከዚያ ወዲህ ለሥራ የሚጠራት ጠፋ። ከራሷ ጓሮ ቆጮ ወስዳ ሰብለ ደጅ ብታስቀምጥ፣ ሰብለ ልጆቿ እየተራቡ ለውሻ ጣለችው።

ባለፈው ሳምንት ቦልቴ ገበያ ወጥቶ ሳለ ወይንሸት ከቤት ውስጥ ተጣራች።

«ፋንታዬ! ኧረ ፋንታዬ፣ ውሃ!»

ፋንታዬ አጥሩ ሥር አረም እየነቀለች ነበር። ብድግ አለች። ትንሽ ቆማ መልሳ ተቀመጠች፤ ድምፁ እስኪጠፋም አረሟን ነቀለች።