የዓመቱ መልካም ጎረቤት

ልጅ እያለሁ የጳጉሜን መቃረብ የማውቀው በጋሼ ሰይድ የስፌት መኪና ድምፅ ነበር። ጋሼ ሰይድ አምበር ገበያ ዳር ሱቅ ያላቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ከሰው ቀሚስና ሱሪ የተረፈውን ቁርጥራጭ በማዳበሪያ ከረጢት ያጠራቅሙና ነሐሴ ሲጋመስ ቆብ መስፋት ይጀምራሉ። አንዱ ቆብ ላይ ካኪውም፣ አበባውም፣ የሙሽራ ቀሚስ ትራፊውም አለበት። ከሱቃቸው በር ላይ የሚወጣው የረጠበ ጨርቅና የመኪና ዘይት ሽታ ዛሬም የትም ቢሸተኝ ደስ ይለኛል።

ቆቡ ሽልማት ነው። የጳጉሜ የመጨረሻው ገበያ ሲበተን ሰዉ ሁሉ በረንዳቸው ፊት ይሰበሰባል፤ እሳቸውም ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳጠለቁ የዓመቱን ተሸላሚዎች ይጠራሉ። ለልጅ ክርስትና መጥቶ ልጁ ዳዴ እስኪል ድረስ ከቤት ያልወጣ ዘመድ የዓመቱ እንግዳ ይባላል። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ በአንድ አውራ በግ ተባረው ገበያውን ሁለት ጊዜ የዞሩ ጊዜ የዓመቱ ሯጭ ተብለዋል። ለራስ ምታትም፣ ለወገብም፣ ለበሬ ሳልም ጤና አዳም የሚያዙት እትዬ ጥሩዬ ደግሞ አራት ዓመት በተከታታይ የዓመቱ ሐኪም ነበሩ፤ በአምስተኛው ዓመት ለሌላ ሰው ቢሰጥባቸው ተቀይመው ነበር። ተሸላሚው ቆቡን እስከ እንቁጣጣሽ ያደርጋል፣ እምቢ ማለት የለም። ቆቡን ራሱ ላይ የሚደፋለትም ጋሼ ሰይድ ሳይሆኑ በነገሩ ውስጥ ያለው ሌላው ሰው ነው። ዘበኛው ላይ የደፋው የበጉ ባለቤት ነበር።

እኔም ከሳቂዎቹ ፊት እቀመጥ ነበር። የኛ ቤት ተራ እስኪደርስ ድረስ ማለቴ ነው።

የአባቴ የይርጋና የጎረቤታችን የአያ ደሴ ማሳ ጎን ለጎን ነው። አንድ ክረምት፣ ሲታረስ፣ አንዱ ወደ ሌላው አንድ ትልም ገባ ተባለ። ማን ወደ ማን እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም። በዚያች ትልም የተነሳ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ገመድ ተጣለ፣ ድንጋይ ተተከለ፤ ነገሩ ግን አልበረደም። ሁለቱ ሰዎች ሦስት ዓመት ሙሉ የእግዜር ሰላምታ እንኳ አቋረጡ። የአያ ደሴ ልጅ ውባለም ነፍሴ ነበረች። አጥሩን ሾልከን አንዳችን ቤት በልተን አንዳችን ቤት የምንተኛ ልጆች፣ ከዚያ በኋላ የምንገናኘው ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ ብቻ ሆነ። የመውጫውን ደውል ድምፅ የጠላሁት ያኔ ነው።

አባቴ ከጠቡ ወዲህ የወሰን ነገር ሲነሳ አንድ አባባል ነበረው። “እኔ የመሬቴን ድንበር ዓይኔን ጨፍኜ አገኘዋለሁ” ይላል። እናቴ ይህን በሰማች ቁጥር ወደ ጓዳ ትገባለች።

ኅዳር ላይ ለጤፍ አጨዳ ደቦ ጠራ። እናቴ ሳምንት ሙሉ ስትደክም ከርማ ጠላው ደረሰ፣ ዳቦው ተጋገረ። በማለዳ ከሃያ የማያንስ ሰው ማጭዱን ይዞ መጣ። ያን ዕለት የወረደው ጉም የራስን እግር አያሳይም ነበር። “ትንሽ ይግለጥልን” ያለ ሰው ነበረ፤ አባቴ ግን ከፊት ከፊት እየመራ ወስዶ “ከዚህ ጀምሩ” አለ። ጀመሩ። አባቴ በድምፁ የታወቀ ነው፤ እሱ ሲያወርድ ሌላው ሲቀበል፣ ሥራው ጨዋታ ሆነና ፀሐይ ሳይወጣ ብዙ ሄዱ።

እኔና እናቴ ዳቦውን ይዘን ማሳችን ስንደርስ ሰው የለም። ጤፉ እንዳለ ቆሟል። ዘፈኑ ይሰማናል፣ ዘፋኞቹ አይታዩም። እናቴ ድምፁን ተከትላ ስትሄድ ጉሙ መሳሳት ጀመረ፤ እናም ያን ሁሉ ሰው አገኘችው። “ምነው ይርጋ፣ ከአያ ደሴ ማሳ ምን ትሠራላችሁ?” አለች በቀስታ።

ማጭዱ ሁሉ ቆመ። አባቴ ወደ ድንበሩ ድንጋይ ዞሮ አየ። ድንጋዩ ከጀርባው ነው። ከአያ ደሴ ጤፍ ሳይታጨድ የቀረው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ሳቁን ዋጠና ወደኛ ማሳ ተሻገረ፤ ከዚያ ወዲያ ግን የዘፈነ የለም። አያ ደሴ በማግስቱ መጥቶ ነዶውን ሰብስቦ ከመረ። አንድ ቃል አልተናገረም፤ እንዲያውም ዝምታው ነው አባቴን ያቃጠለው።

ወሬው አምበርን አልፎ ሄደ። አባቴ ገበያ መውጣት ተወ፤ ሲወጣም በዙሪያው መንገድ ነው። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ማዕድ ላይ “ሰይድ በሰው ፊት ስሜን ከጠራ መሬቱን ለወንድሜ ሰጥቼ ጉንደ ወይን ከተማ እገባለሁ፤ በዚህ አገር መሳቂያ ሆኜ አልኖርም” አለ። ዛሬ ሳስበው የንዴት ንግግር ነው። ያኔ ግን አመንኩት። ትምህርት ቤቱንም፣ ዴስኩንም፣ ውባለምንም ልቀማ መሰለኝና እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ ቀን ገበያ ተልኬ ስመለስ ጋሼ ሰይድ ሱቅ ገባሁ። “ጋሼ ሰይድ፣ ዘንድሮ አባቴን አይጥሩብን” አልኳቸው።

መኪናቸውን አቁመው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። “እንደምጠራው ማን ነገረሽ?”

ዓይኔ የያዙት ቆብ ላይ ነበር። ከሌሎቹ ሁሉ ይሰፋል። በአገራችን እንደ አባቴ ራሱ ትልቅ የሆነ ሰው ደግሞ የለም። አለቀስኩ። ጉንደ ወይን ልንገባ መሆኑን፣ ከውባለም ልለያይ መሆኑን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። እስክጨርስ ሰሙኝና፣ “ልጄ፣ ሰው በጓሮ ሲስቅበት ነው የሚመረው፤ ፊት ለፊት ሲሆን ይቀልለዋል። አሁን ቤትሽ ግቢ፣ ለአባትሽም ምንም አትበይ” አሉኝ። አልተጽናናሁም።

ቀኑ ደረሰ። ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ገና አልጠገገም። አባቴ አልሄድም ብሎ ውሎ፣ ካልሄደ ፈራ እንዳይባል መጨረሻ ላይ መጣና ከሰዉ ኋላ ቆመ። አያ ደሴም በወዲያ በኩል ቆሟል። ሳቁ ሲሞቅ ጋሼ ሰይድ ሰፊውን ቆብ አወጡና “የዓመቱ መልካም ጎረቤት” አሉ። “በራሱ ጠላ፣ በራሱ ዳቦ፣ ሃያ ሰው ጠርቶ የጎረቤቱን ጤፍ ያሳጨደው ይርጋ ነው።”

ማንም አልሳቀም። እኔ ድንበር አዋቂ ብለው ያዋርዱታል ብዬ ፈርቼ ነበርና መልካም ሲሉ ትንሽ ተነፈስኩ። አባቴ ግን ፊቱ ጠቁሮ ጋቢውን ሰብስቦ ዞረ። በቃ፣ ሄድን አልኩ በልቤ።

“ቆይ እንጂ ይርጋ” አለ አንድ ሰው። አያ ደሴ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ለአባቴ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነበር። መጥቶ ቆቡን ከጋሼ ሰይድ እጅ ተቀበለ፤ ግን አባቴ ላይ አልደፋውም። “ይህ ነገር የሱ ብቻ አይደለም” አለ ወደ ሰዉ ዞሮ። “ያን ዕለት እኔ ደጄ ላይ ቆሜ ነበር። ይርጋ ሲያወርድ እሰማለሁ፤ ድምፁ የሚመጣው ከኔ ማሳ እንደሆነ ገና ሲጀምሩ አውቄያለሁ።”

“ታዲያ ምነው ዝም አልክ?” አሉት ጋሼ ሰይድ።

“እንዴት ብዬ ልናገር?” አለ አያ ደሴ። “ተኳርፈን የለም እንዴ?”

የሆነ ቦታ አንድ ሴት ፍርስ ብላ ሳቀች፣ ቀጥሎ ገበያው ሁሉ። እኔ የማየው አባቴን ብቻ ነበር። ከንፈሩን ነክሶ ቆየ፣ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ በመጨረሻ ሳቁ አመለጠው። ዓይኑን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ፣ “እኔም ብሆን ኖሮ አልናገርም ነበር” አለ።

ቆቡ ለማን ይገባል በሚለው ደግሞ ሌላ ክርክር ተነሳ። ሁለቱም አንተ አድርገው አንተ አድርገው ተባብለው፣ ቀን በቀን እየተቀያየሩ እስከ እንቁጣጣሽ እንዲያደርጉት ተፈረደ። ለአያ ደሴ ሰፍቶት ዓይኑ ላይ ይወርድ ነበር። እኔና ውባለም የዚያን ዕለት ማታ አጥሩ ላይ የድሮ ቀዳዳችንን ፈልገን አጣነው፤ ሐረግ ጋርዶት ኖሯል። በበር ገባሁ። በሦስት ዓመት ውስጥ ምን ያህል እንዳደግን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ከተማ ነው የምኖረው። ጳጉሜ ሲመጣ ሰፈራችን በስልክ ግሩፕ ይሸላለማል፤ የዓመቱ ምርጥ እየተባለ ፎቶ ይለጠፋል፣ አበባና ጭብጨባ ይላካል። ደስ ይላል፣ እኔም እልካለሁ። እንደ ድሮው ግን አንዱ የሌላውን ራስ አይነካም። እኔ ራሴ ከጎኔ ካለችው ሴትዮ ጋር በጣሪያ አሸንዳ ውኃ ሰበብ ከተኳረፍን ወራት አልፈዋል።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ። በመስኮት ሳይ የሴትዮዋ ያልደረቀ ልብስ በሙሉ፣ የሕፃኗ ሹራብ ሳይቀር፣ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። እሷ ከውስጥ ናት፣ አልሰማችም። ልጠራት መስኮቱን ከፈትኩ፤ ተኳርፈናል፤ መልሼ ዘጋሁት። ቆሜ እያየሁ ሁሉም ራሰ።

ለማንም አልነገርኩም። ነገ ጠዋት ሄጄ፣ ልብሷ ሲርስ ቆሜ እያየሁ ዝም ማለቴን እነግራታለሁ።