የወንድሜ ጉርድ ፎቶ

ከፒያሳ ቤታችን ስንነሳ ዕቃ የጫንነው በዝናብ ነበር። አልበማችን ውሃ ገብቶት ገጾቹ ተጣበቁ፤ ስናላቅቃቸው የሁላችንም ፊት አብሮ ተላጠ። ታናሽ ወንድሜ ለፎቶ ደግሞ ምን ያስለቅሳችኋል፣ እኛው አለን አይደል ብሎ ሳቀብን። ከዚያ ዓመት ሳይሞላ ሞተ።

ካሜራ ሲያይ የሚሸሽ ሰው ነበር፤ ስልኩም አብሮት ጠፋ። የቀረችን የድሮ መታወቂያው ላይ ያለች ጉርድ ፎቶ ናት፤ እሷም ከግንባሩ እስከ ዓይኑ ማኅተም ተመቶባታል። እናቴ "ምን ይዤ ላልቅስ?" ብላ አፋጠጠችኝ። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ወዳለ ፎቶ ቤት ሮጥኩ።

ባለሙያው ጉርዷን ለኮምፒውተሩ ሰጠው። መጀመሪያ የታየው ጣቢያ እንደጠፋበት ቴሌቪዥን የሚርመሰመስ ነጠብጣብ ብቻ ነበር። እየቆየ ጠራ፤ አፍንጫ መጣ፣ ከንፈር መጣ። ማሽኑ የተማረው በብዙ ሰው ፎቶ ላይ እንዲህ ያለ ብናኝ እየተነሰነሰበት፣ ያንን መልሶ ማጥራት በመለማመድ ነው አለኝ። አሁንም ከብናኝ ይነሳና ጉርዷን እያየ ያጠራል፤ ማኅተሙ የሸፈነውን ግን ከሌላው ሰው ፊት በለመደው ይገምታል።

በወጣው ፎቶ ላይ ቅንድቡን ለሁለት የከፈለው ጠባሳ የለም። አትክልት ተራ የቲማቲም ሳጥን ወድቆበት ያተረፈው ነው። ማሽኑ ከየት ይወቀው?

ለቀስተኛው ሁሉ ቁርጥ እሱን አለ። ቁርጥ እሱን! ወንድሜ እንደዚያ የለሰለሰ ፊት በዕድሜው ኖሮት አያውቅም። እናቴ ግን ፎቶውን ታቅፋ ደረቷን መታች፤ እኔም ንዴቴን ውጬ አለቀስኩ።

ይኸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጠዋት ጠዋት ትስመዋለች። ባለፈው ጠባሳውን አነሳሁባት።

"የምን ጠባሳ?" አለችኝ። "የልጄ ፊት ምንም አልነበረበትም።"

ቁስሉን እያጠበች ያዳነችው እሷ ናት። ወንድሜ እዚሁ ቤታችን ውስጥ፣ ዓይናችን እያየ፣ እየጠፋብን ነው።

በማግስቱ ፎቶ ቤት ተመልሼ ጠባሳውን ጨምርበት አልኩት። ሰውየው አላንገራገረም፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና ማሽኑን ከፈተ።

"በየትኛው ቅንድቡ ነበር፣ እህቴ?"

እጄን ወደ ግራ ቅንድቤ ወሰድኩ። ከዚያ ወደ ቀኙ። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ የመጣልኝ ያ የለሰለሰው ፊት ነው።

አላውቅም አልኩት።