ኮች ኦዴልና የኮከብ ጣጣ

ኦዴል ፕራዘር ሰው ሲያይ መጀመሪያ የሚያየው እግሩን ነው። ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ሲዘምርም፣ ነዳጅ ማደያ ተሰልፎም፣ የዘመድ ሠርግ ላይም ዓይኑ ሳያስበው ወደ ሰው ቁርጭምጭሚት ይወርዳል። ሚስቱ ቬርኒስ በዚህ አመሉ ስትሳቀቅ ነው የኖረችው።

"አንተ ሰውዬ፣ የፓስተሩን ልጅ እኮ ሊገዙት እንደመጡ በቅሎ አገላብጠህ አየኸው!" ትለዋለች መኪና ውስጥ ሲገቡ።

"ዳሌው ጥሩ ነው። ተረከዙ ግን ከመሬት አይነሳም" ይላታል እሱ።

ሥራው ነዋ! በኮልባርት ኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል (ኳሱ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት) ቡድን የመከላከያ መስመር አሠልጣኝ፣ ሰዉ እንደሚለው ኮች፣ ነበር፤ ከዚያም በላይ ተጫዋች መልማይ። ከጨዋታ ወራት ውጭ ያለው ዕድሜው ያለቀው በሚሲሲፒ የገጠር መንገዶች ላይ ነው። የጥጥ እርሻ እያቋረጠ፣ አንድ የትራፊክ መብራት ብቻ ያላቸው ከተሞች እየገባ፣ የሰው ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጦ የቀረበለትን የተጠበሰ ዓሣና ጎመን ቢርበውም ባይርበውም እየበላ፣ "ልጅዎን ለእኛ ይስጡን" ይላል። ኮልባርት ትንሽ ኮሌጅ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከተማው ሱቁን ዘግቶ ስታዲየም ይገባል፤ ቡድኑ ሲሸነፍ እሑድ ስብከቱ ራሱ አይጥምም።

ድሮ መልማይ የሚመዘነው በልጆቹ ጨዋታ ነበር። ኋላ ኢንተርኔት መጣና ነገሩ ተገለበጠ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን እያዩ ኮከብ የሚያድሉ ሰዎች ተነሡ። አምስት ኮከብ ያገኘ ልጅ ሰማይ ነካ ማለት ነው፤ ሁለት ያገኘውን እግዜር ይርዳው። ከዚያ ደግሞ እያንዳንዱ ኮሌጅ ያስፈረማቸውን ልጆች ኮከብ ይደምሩና ኮሌጆቹን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ይደረድሯቸዋል። ያውም በብርድ ወራት፣ ማንም ኳስ ባልነካበት ጊዜ።

ኦዴል ፀጉር ቤት ሲገባ ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ይጀምሩታል።

"ኮች፣ ስንተኛ ወጣን?"

"የምን ስንተኛ? ጨዋታ እኮ የለም።"

"በምልመላው ነዋ! አሥራ አንደኛ ናችሁ ይላል። አሥራ አንደኛ! የአጎቴ ልጅ ኮሌጅ እንኳ በለጣችሁ፣ እነሱ ስታዲየም ውስጥ ፍየል ነው የሚያሰማሩት።"

ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ኦዴልም አብሮ ይስቃል። ምን ያድርግ?

እሱ ግን ኮከብን ከሚንቁት ወገን አልነበረም። በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ ኮልባርት አንዱ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ጋ ሄዶ ይጫወታል፤ ይጫወታል ከማለት ይደበደባል ማለት ይቀላል። የኦዴል ልጆች ጥርሳቸውን ነክሰው ይገባሉ። ወኔም፣ ፍቅርም፣ ላብም አላቸው። ወኔ የሚሠራው ግን እስከ ጨዋታው ሁለተኛ ሩብ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ባለ አራትና ባለ አምስት ኮከቦቹ እንደ በር ይገፏቸዋል። ኦዴል ሜዳ ዳር ቆሞ ይህን ሲያይ፣ ኮከብ አዳዮቹ አብዛኛውን ጊዜ ልክ እንደሆኑ ሆዱ ያውቀዋል። እሱ ራሱ ኮከብ አዳዮቹ ተሳስተዋል ብሎ ያመጣው ስንቱ ልጅ እውነትም ኮከብ አልነበረውም! ብቻ አልፎ አልፎ የሚስቱት አንድ ልጅ አለ። የኦዴል እንጀራ የተንጠለጠለው በዚያ በአንዱ ልጅ ላይ ነበር።

ጃቫሪስ ሌስተርን ያገኘው ቤልፎርድ የምትባል መንደር አጠገብ፣ የዓሣ ኩሬ ዳር ነው። ሠራተኞች እስከ ጭናቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው መረብ ይጎትታሉ። የመረቡ ጫፍ በኩሬው ማዶ ተይዞ ቀረ። ከመሀላቸው አንድ ረጅም ጎረምሳ ከጭቃው ደረቅ መሬት ላይ እንዳለ ሰው ዘሎ ወጣና፣ የኩሬውን ዳር በሩጫ ዞሮ፣ መረቡን አላቅቆ ተመለሰ። ኦዴል ፍሬን ያዘ። መኪናዋ መንገዱ መሀል እንደቆመች በሩን እንኳ ሳይዘጋ ወረደ።

"ያ ልጅ የማነው?"

መረቡን ይዞ የነበረ ጠይም፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ቀና አለ። "የእኔ ነው። ምን አጠፋ?"

"ምንም አላጠፋም። ፉትቦል ይጫወታል?"

"ትምህርት ቤታቸው ሰው ስለማይበቃ ሁሉም ይጫወታል። አንካሳውም ይጫወታል" አለ ሰውዬው። ኤልሮይ ሌስተር ይባላል።

ኦዴል መኪናው ውስጥ ተመልሶ የልጁን ስም ኮከብ ከሚያድሉት ዘንድ ፈለገ። የለም። አንድም ኮከብ፣ አንድም ፎቶ የለም። "ተመስገን!" አለ ጮክ ብሎ፣ ብቻውን።

ከዚያ በኋላ ለወራት የሌስተሮች ቤት ሰው ሆነ። ኤልሮይ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ልጁን ብቻውን ያሳደገ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሳለ ጠየቀው።

"ኮች ፕራዘር፣ ልጁ ቢሰበርስ? እንዳሰባችሁት ባይሆንስ?"

"እኔ እዚያ እያለሁ ማንም ከትምህርቱ አያስወጣውም" አለ ኦዴል። ከልቡ ነበር።

ጃቫሪስም ኮልባርት እንደሚገባ ቃሉን ሰጠ። ቃል ግን ፊርማ አይደለም፤ ልጆች ለኮሌጅ የሚፈርሙበት የፊርማው ቀን ገና በብርድ ወራት ነው።

የቡድኑ ዋና አሠልጣኝ ክሌት ሃንሊ ጥሩ ሰው ነበር፤ ፈሪ ግን። ፕሬዚዳንቱና ለኮሌጁ ገንዘብ የሚሰጡት ሀብታሞች በምልመላው ደረጃ ወጥረው ይዘውታል። ኦዴል የቀረጸውን የልጁን ቪዲዮ ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ።

"ኦዴል፣ ይህንን ልጅ በክረምቱ እረፍት ልጆች ተሰብስበው ወደሚፈተኑበት ካምፕ እንውሰደው። ኮከብ አዳዮቹ እዚያ ናቸው። ሦስት ኮከብ እንኳ ቢሰጡት ደረጃችን ብድግ ይላል።"

"ኮች፣ ዶሮዋን ቀበሮ ቤት ወስደን ስንት ትመዝናለች ብለን እንጠይቅ?"

"ቃሉን ሰጥቶን የለም እንዴ?"

"ሰጥቷል። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ትልልቆቹ ልጅ ለማማለል የሚመጡበትን ሄሊኮፕተር አይቶ አያውቅም።"

ሃንሊ ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ። "ደረጃችን በዚህ ዓመት ካልተነሣ እኔም የለሁም፣ አንተም የለህም። አንተ ራስህ ውሰደው።"

ኦዴል ሁለት ቀን አቅማማ። በሦስተኛው ቀን ልጁን በገዛ መኪናው ጭኖ ካምፑ ወሰደው። ጃቫሪስ በተበደረው ጫማ እያንዳንዱን ልጅ አንድ በአንድ መሬት ላይ ሲያነጥፍ፣ ዳር ቆመው የሚጽፉት ሰዎች መጻፍ አቆሙ። ኦዴል የራሱ ልጅ እንዲወድቅለት የጸለየው በሕይወቱ ያን ቀን ብቻ ነው።

አራት ኮከብ ሰጡት።

አንድ ሳምንት ሙሉ ኮልባርት በደስታ ሰከረ። ደረጃቸው ወደ ሦስተኛ ዘለለ፤ ፀጉር ቤት ኦዴልን በነፃ ላጩት። በሚቀጥለው ሳምንት ከትልቁ ዩኒቨርሲቲ ሄሊኮፕተር መጣና የጃቫሪስ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ አረፈ። ቤልፎርድ የቀረ ሰው አልነበረም፤ አሮጊቶች ወንበር ይዘው ወጥተዋል። ኦዴልም ሰምቶ እየበረረ ደርሶ ነበር፤ አጥሩ ጥግ ቆሞ ያያል። ከሰዓታት በኋላ ጃቫሪስ ከአባቱ ጋር ወደ እሱ መጣ። ልጁ ቀና ብሎ ማየት አቅቶታል።

"ኮች፣ ምን ላድርግ? እርስዎ ይንገሩኝ።"

"እዚያ አንተን የሚያክሉ ብዙ ናቸው ልጄ። በየዓመቱም ይመጣሉ። እኛ ጋ ከመጀመሪያው ቀን ትጫወታለህ።"

ኤልሮይ ቆቡን አውልቆ በእጁ ያሽከረክራል። "ኮች ፕራዘር፣ እውነቱን ንገረኝ። የራስህ ልጅ ቢሆን፣ እነዚያ በሄሊኮፕተር መጥተው ቢጠሩት፣ አትሂድ ትለው ነበር?"

ትልልቆቹ ለምን እንደሚያሸንፉ በየዓመቱ በዓይኑ ሲያይ የኖረ ሰው፣ ያ ሁሉ ውሸት ነው ብሎ እንዴት ይናገር?

የፊርማው ቀን የኮልባርት አሠልጣኞች ቢሮ ውስጥ ተሰብስበው በቴሌቪዥን አዩት። ጃቫሪስ ጠረጴዛ ላይ ለምርጫ ከተደረደሩት የኮሌጆች ቆቦች የኮልባርትን ነካ፤ አለፈው፤ የትልቁን ዩኒቨርሲቲ ራሱ ላይ አደረገ። ሕዝቡ ጮኸ። ሃንሊ ቴሌቪዥኑን አጠፋውና ክፍሉን ለቆ ወጣ። ኦዴል ያንን ልጅ ሲያባብል ሌሎች ሁለት ልጆች አምልጠውት ነበር፤ ኮልባርት በምልመላው ደረጃ አብረውት ከሚወዳደሩት ኮሌጆች ሁሉ መጨረሻ ወጣ።

የመከሩ የጨዋታ ወራት የከፋ ሆነ። መሀሉ የሳሳ መስመር ይዘው ገብተው በየሳምንቱ ተሸነፉ። ለምስጋና በዓል ሁለት ቀን ሲቀረው ሃንሊን አሰናበቱት፤ ዋናው ሲወርድ ረዳቶቹም አብረው ይወርዳሉ። ኦዴል ዕቃውን በካርቶን ይዞ ሲወጣ የጥበቃው ሰውዬ በሩን ከፈተለትና "አይዞህ ኮች" አለው። ሌላ የተናገረው ሰው የለም። ለስንት ሰው ልጅ ደክሞ እጁ አመድ አፋሽ ሆነ። ሌሎች ኮሌጆች ጋ ደወለ፤ በትህትና ሰሙት፣ በትህትና ሸኙት። በመጨረሻ የቬርኒስ ወንድም በከፈተው ጎማ መጠገኛ ተቀጠረ። ቬርኒስ አስተማሪ በመሆኗ ቤቱ አልፈረሰም፤ እሱ ግን ማታ ሲገባ እጁን ታጥቦ ይተኛል።

ሁለት ዓመት አለፈ። ጃቫሪስ እዚያ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ በተጠባባቂ ወንበር ላይ ነበር። በየዓመቱ ከእሱ በላይ ኮከብ ያላቸው መጡ፤ ትከሻው ወለቀ፤ ሲድን ስሙ ወደ ተጠባባቂም ተጠባባቂ ወርዶ ነበር። አንድ ቀን ኦዴል ጎማ እያላቀቀ ሳለ ስልኩ ጮኸ።

"ኮች፣ ጃቫሪስ ነኝ። ሌላ ቦታ ብትፈልግ ይሻልሃል አሉኝ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ኮልባርት ቦታ ይኖር ይሆን? እርስዎ ቢጠይቁልኝ ብዬ ነው" አለ።

ኦዴል በማግስቱ የእሑድ ሸሚዙን ለብሶ ሄደ። ኮሪደሩ አዲስ ተቀብቷል። አዲሱ አሠልጣኝ ወጣት ነው፤ ተነሥቶ ጨበጠው፣ ውሃ አስመጣለት። አንዳች ክፉ ነገር አልነበረበትም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ለኦዴል ይቀለው ነበር።

"ሚስተር ፕራዘር፣ ልጁ ሁለት ዓመት አልተጫወተም። ትከሻውም ተነክቷል። እኔ ደግሞ ለዚያው ቦታ ባለ አራት ኮከብ አስፈርሜያለሁ።"

"እሱም እኮ ባለ አራት ኮከብ ነበር።"

"ነበር" አለ ወጣቱ።

"እኔ አይቼዋለሁ ልጄ። ሲንቀሳቀስ አይቼዋለሁ።"

"የት ነው ያዩት?"

"ዓሣ ኩሬ ዳር።"

ወጣቱ ሳያስበው ፈገግ አለ፤ ወዲያው ደግሞ አፈረና ጠረጴዛውን ማየት ጀመረ። ኦዴል አመስግኖ ወጣ። መኪናው ውስጥ ገብቶ ስልኩን አወጣ። ሲደውል ያነሣው ኤልሮይ ነው።

"እንቢ አሉ" አለ ኦዴል። "ኤልሮይ፣ እኔ ምንም…"

"አውቃለሁ። እኔም በዚያ ቀን አንተን መስማት ነበረብኝ።"

"እሱን አትበል። እኔ ራሴ ካምፑ ባልወስደው…"

"ተወው በቃ። ልጁ እዚሁ ነው። እነግረዋለሁ።"

ጃቫሪስ ከአባቱ ጋር መረብ ሊጎትት ኩሬው ውስጥ ገባ። ኦዴል ራቅ ወዳሉ ትናንሽ ኮሌጆች ደወለ፤ አንዱ ቪዲዮ ላክልን አለ፣ ላከ፣ መልስ አልመጣም።

በመከር አንድ ቅዳሜ ቬርኒስ "ቤት ተዘግቶ አይኖርም፣ ተነሥ" ብላ ስታዲየም ወሰደችው። ከፍሎ ሲገባ የመጀመሪያው ነበር። አዲሱ አሠልጣኝ ያመጣቸው ልጆች ባለጋራውን እንደ ጎርፍ ጠራረጉት። ኦዴል እግራቸውን አየ። ጥሩ እግር ነው። ሐሰት አይባልም፣ እሱ ካመጣቸው ልጆች ከአብዛኞቹ ይሻላሉ። ከፀጉር ቤት የሚያውቀው ሰው ከኋላ ትከሻውን መታው።

"አየህ ኮች! ኮከብ ማለት እንዲህ ነው! አሁን ሰው አመጣን!"

"እውነት ነው" አለ ኦዴል።

ቬርኒስ ክንዱን ያዘችው። ጨዋታው ሲያልቅ ወጡ። መኪና ማቆሚያው ግን ጢም ብሎ ነበር፤ ሰዉ በመስኮት ወጥቶ ይጨፍራል፣ ጡሩንባው ይጮሃል፣ ማንም ወደ ቤቱ የቸኮለ የለም። የኦዴል መኪና ከፊትም ከኋላም ተዘጋች። ሞተሩን አጠፋና እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ፣ መንገዱ እስኪከፈት ጠበቀ።