ከመስቀል በኋላ የተከፈተ ጣሪያ

መንበረ ጁባ ከተማ፣ ማላኪያ ሰፈር ውስጥ ምግብ ቤት ከከፈተች ወዲህ ያልለመደችው ነገር የለም። ሙቀቱን ለምዳለች፣ የጄኔሬተሩን ጩኸት ለምዳለች፣ በጁባ ዐረብኛ ዋጋ መከራከሩንም ከገበያው ሰው በላይ ተክናበታለች። ወሩን ግን አሁንም የምትቆጥረው በሀገሯ ክረምትና በጋ ነው። መስከረም ጠባ ማለት ለእሷ ክረምቱ ሊወጣ ነው ማለት ነው። መስቀል ከተከበረ ደግሞ በቃ፣ ሰማዩ ቃሉን ሰጥቷል። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ዝናብ ሲደበድባት "ዘንድሮ ደግሞ ምን ጉድ ነው!" ትላለች። ጉዱ በየዓመቱ እንደሚመጣ አንድም ቀን ልብ ብላው አታውቅም።

ስለዚህ ጣሪያዋን የምታስነሳበትን ቀን ስትቆርጥ ያለ ምንም ማመንታት ከመስቀል በኋላ አለች።

ጣሪያው የሚነሳው ለሄቨን ነው። ሄቨን አንድ ልጇ ናት። አምስት ዓመቷ ላይ አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ትታት መጣች፤ አሁን አሥራ አራት ሞልቷታል። በስልክ በተያዩ ቁጥር ልጅቱ "እማ፣ መቼ ነው የምትወስጂኝ?" ትላለች፤ እናትየው "ክፍልሽን ላዘጋጅ፣ የኔ ቆንጆ" ትላለች። እውነቷን ነው፣ ክፍል የላትም። ከፊት ምግብ ቤቱ፣ ከኋላ አንዲት መኝታ፣ የመኝታዋም ግማሽ የጤፍ ጆንያና የዘይት ጀሪካን ማከማቻ ነው። ልጄን ጆንያ መሃል አላስተኛም ብላ ስታዘገይ ዓመታት ነጎዱ።

ጣሪያው ሥር ቆጥ የመሥራቱን ሐሳብ ያመጣላት አናጢው ዪየን ነው። ዪየን ወላጆቹ ተሰደው ጋምቤላ ያሳደጉት፣ ሙያውን አዲስ አበባ የተማረ፣ በኋላ ወደ ሀገሩ የተመለሰ ሰው ነው። ቆርቆሮው ተነሥቶ ወራጁ ከፍ ቢል፣ የሌሊት ወፍ የሚያድርበት ባዶ ቦታ መስኮት ያለው ክፍል ይወጣዋል አላት። መንበረ በደስታ እንቅልፍ አጣች። ደንበኛዋ ሾፌሩ አሸናፊ ብቻ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ!" ብሎ ቀለደባት። እሷም ሽሮውን አሳንሳ አቀረበችለት።

ቆርቆሮው መነቀል በጀመረ ዕለት፣ እዚያው ግቢ ውስጥ የሚኖሩት የቤቱ ባለቤት ማማ ጆሴፊን ወጥተው ወደ ሰማይ አንጋጠጡ።

"ማታራ ሊሳ ፊ" አሉ። ዝናቡ ገና አለ ማለታቸው ነው።

መንበረ ወደ ዪየን ዞረች። "መስቀል ወጥቶ?"

"ኸላስ፣ አበቃ፣ እትዬ መንበረ፣ ከመስቀል ወዲያ ምን ዝናብ አለ!" አላት። አብረው ሳቁ።

ቢሆንም ዝርክርክ ሴት አይደለችም። ትልቅ ሸራ አስገዛች። ዪየን ከኮርኒሱ በላይ ከጫፍ ጫፍ ወጥሮ፣ ውኃ እንዳያቁር መሃሉን በእንጨት ደግፎ፣ ወደ ዳር ወደ ዳር አዘቅዝቆ አሰረው። እሷ በበኩሏ አልጋውን በላስቲክ ጠቀለለች፣ ጤፉን ከመሬት ከፍ አድርጋ ደረደረች፣ ቴሌቪዥኑን በብርድ ልብስ አፈነች። ያልሸፈነችው ነገር ያለ አልመሰላትም። ግን ያ ሁሉ ውኃ ወደ ዳር ይውረድ ሲባል፣ ዳሩ የግድግዳው አናት ነው። ቤቱ ከውጭ በሲሚንቶ ተለስኖ ብሎኬት ይመስላል እንጂ ውስጡ በፀሐይ የደረቀ የጭቃ ጡብ ነው። ሁለቱም ይህንን ያውቃሉ። ማወቅና ልብ ማለት ግን ለየቅል ናቸው።

ዝናቡ የመጣው ሄቨን ልትገባ አንድ ቀን ሲቀራት ነው። መጀመሪያ ቀይ አቧራ የተሸከመ ነፋስ መጣ፤ ከዚያ ሰማዩ ተቀደደ። መንበረ ደንበኞቿን ከነሳህናቸው ጥላ ወደ ጓዳ ሮጠች። ከላይ ሸራው ይነፋል፣ ይረግባል፣ ይጮኻል። ዪየን ገመዱን በሁለት እጁ ይዞ ይጎተታል። እሷ በርጩማ ላይ ቆማ ኮርኒሱን በመጥረጊያ እንጨት እየደገፈች "እመቤቴ፣ ለዛሬ ብቻ!" ትላለች። ክው ብላ ደንግጣለች። መስቀል ወጥቶ እንዲህ ያለ ዝናብ! እንደ ተከዳ ሰው ነው የተሰማት።

ሲያባራ አልጋውን ዳሰሰችው፤ ደረቅ ነው። ጤፉም ደረቅ ነው። እልልታዋን አቀለጠችው። ዪየንም ዝናብ እንዳበሰበሰው በጥርሱ ሁሉ ሳቀ። ቀና ብሎ የግድግዳውን አናት ያየ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ አየር ማረፊያ ሌላ ድንጋጤ ጠበቃት። መንበረ ዓይኗ የሚፈልገው ትንሽ ልጅ ነው። ከፊቷ የተገተረችውን ረጅም ልጅ "ይቅርታ፣ እህቴ፣ አሳልፊኝ" ልትላት አፏን ስትከፍት ልጅቱ "እማ" አለቻት። መንበረ አቅፋት አለቀሰች፣ አፈረችም። የገዛ ልጇን አላወቀቻትም።

አልጋዋን ለልጅቱ ለቀቀች። "ክፍልሽ እስኪያልቅ እዚህ ተኚ" ብላ ራሷ ምግብ ቤቱ ውስጥ አግዳሚ ገጥማ ተኛች። ሄቨን "አልጋው ለሁለት ይበቃናል እኮ" ብትላት "ከመንገድ ነው የመጣሽው፣ ተዘርግተሽ እረፊ" አለቻት።

ከዚያ በኋላ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። ፀሐዩ ወጣ፣ ዪየን አዲሱን ወራጅ ማቆም ጀመረ፣ ልስኑም ደርቆ ነጣ። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ቤቱ በሰው ጢም ብሎ ሳለ፣ ከጓዳ በኩል ድም የሚል ድምፅ ተሰማ። ጆንያ የወደቀ ነው የመሰለው። ወዲያው በበሩ አቧራ ወጣ። መንበረ የያዘችውን ትሪ ለቀቀችው።

ግድግዳው የለም። ጓዳው ውስጥ ፀሐይ ገብቷል። አልጋው ያለበት ቦታ የአፈር ክምር ነው፣ ከክምሩ ሥር የሄቨን አንሶላ ጫፍ ይታያል። ልጅቱ ምሳዋን በልታ ጋደም ልበል ብላት የገባችው አሁን ነው።

"ልጄ! ኧረ ልጄን!"

በእጇ ቆፈረች። ዪየን ከላይ ዘሎ ወርዶ አብሯት ቆፈረ፣ ደንበኞቹም ገቡ። ላዩ ደረቅ ልስን ነው፣ ውስጡ ግን ሊጥ። ውኃው በአናቱ ገብቶ፣ በልስኑ መሃል ታፍኖ ሲያበሰብሰው ሰንብቷል። ዪየን ጭቃውን በመዳፉ ይዞ ፈዞ ቀረ። "አናቱን... አናቱን አልሸፈንነውም" አለ። መንበረ አልሰማችውም። ፍራሹ ጋ ደረሰች፣ ትራሱን አገኘች። ከትራሱ በታች ምንም የለም። እሷ ግን መቆፈሯን አላቆመችም።

"እማ!"

ሄቨን ከኋላዋ ቆማለች፣ ግማሽ ጸጉሯ ተጎንጉኖ ግማሹ እንደተፈታ። ማማ ጆሴፊን በመስኮት ጠርተዋት ወጥታ፣ እሳቸው ደጅ እየተሠራች ነበር።

መንበረ ተነሥታ ሄደች፣ ልጅቱን በጥፊ አለቻት፣ ከዚያ እግሯ ሥር ተዘረፈጠች። ለምን እንደመታቻት እሷም አታውቅም። ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ።

ምላሷ ሲላቀቅ የወጣው ቃል "ነገ ትመለሻለሽ" የሚል ነው። "ሌላ ቤት እፈልጋለሁ። ደህና ክፍል ሠርቼ እንደገና አስመጣሻለሁ።"

"ክፍል ማን ጠየቀሽ?" አለች ሄቨን ጉንጯን ይዛ።

"እንዴ?"

"እኔ መቼ ትወስጂኛለሽ ነው ያልኩሽ እንጂ ክፍል ሥሪልኝ አላልኩሽም። ያኔ ስትሄጂ አንድ አልጋ ላይ ነበርን። አንገትሽን አቅፌ ተኛሁ፣ ስነቃ የለሽም። አክስቴ ሱቅ ሄዳ ነው አለችኝ። በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩሽ።"

መንበረ ግድግዳው ሲወድቅ እንኳ እንዲህ አልደነገጠችም። ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች ብለው ነበር ያን ጊዜ ያጽናኗት። እሷም አምና፣ ይህን ሁሉ ዓመት በሰላም ተኝታ ኖራለች።

ማማ ጆሴፊን ማንንም ሳይጠይቁ ማንጎው ሥር ምንጣፍ አነጠፉ። ሄቨን ድካምና ድንጋጤ ጥሏት ጋደም አለች። መንበረ አጠገቧ ተቀመጠች። ልጅቱ ዓይኗ ሊከደን ሲል እጇን ዘርግታ የእናቷን ቀሚስ ጫፍ በጣቷ ጠቀለለችና አጥብቃ ያዘችው። አሥራ አራት ዓመት የሞላት፣ ከእናቷ የምትረዝም ልጅ ናት።

ከምግብ ቤቱ "መንበረ! መንበረ!" እያሉ ይጠሯታል። አልተነሳችም።