ባዶ የቀረው ፒን

ቡራዩ የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ፣ ከክፍሌ ጀርባ፣ የአንድ ሽማግሌ ብየዳ ቤት አለ። መብራት የምንጠቀመው ከአንድ ቆጣሪ ነው። እኔ የመዝሙር ድምፅ አቀናብራለሁ። አምና ማጉያቸው በውስጣቸው ያለ ሁለት የስቱዲዮ ስፒከሮች ገዛሁና፣ ከኮምፒውተሬ ሳውንድ ካርድ ጋር የሚያገናኛቸውን ገመድ ራሴ በሊድ በየድኩ።

ገና ሳበራቸው "እምምም" የሚል ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ሽማግሌው ሥራ ሲጀምሩ ደግሞ ይንጫጫል። ሁለት ቀን ታገስኩ። በሦስተኛው ቀን የሱሉልታ መዘምራን ከምሳ በኋላ ሥራቸውን ሊሰሙ ይመጣሉ። ረፋድ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። ወጥቼ ደንበኛ ፊት ጮህኩባቸው።

"አባባ፣ በማሽንዎ ምክንያት ሥራዬ ገደል ገባ! ወይ አንቱ ያቁሙ፣ ወይ እኔ ቤቱን እለቃለሁ!"

የበር ማጠፊያ ሊያስበይዱ የመጡት ሴት ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ማል ታቴ? ምን ሆነሻል?" አሉና የማሽናቸውን ብሬከር ወደ ታች አደረጉት። "በይ፣ አጥፍቻለሁ። እስኪ እኔም ልስማው።"

ተከትለውኝ ገቡ። ስፒከሩ እምም ይላል፤ ቅንጣት አልቀነሰም።

"ይሄ ታዲያ የማነው?"

ፊቴ ጋለ። ገመዱን ከስፒከሩ ነቀልኩት፤ ጸጥ አለ። መልሼ ሰካሁት፤ ጀመረ።

"ከገመዱ ጋር ነው የሚመጣው። ክፈቺው" አሉኝ።

የገመዱን ጃክ ፈታሁት። ስፒከሩ የሚቀበለው ጃክ ሦስት ፒን አለው። ከካርዴ የሚወጣው ግን ሁለት መስመር ነው፤ አንዱ ድምፁ፣ ሌላው ግራውንዱ፣ ማለትም የመሬት መስመሩ። ግራውንዱን አንደኛው፣ ድምፁን ሁለተኛው ፒን ላይ በይጄ ሦስተኛውን ባዶ ትቼዋለሁ። ስፒከሩ የሚሰማው በሁለተኛውና በሦስተኛው ፒን መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ አንዱ ባዶ ሲቀር ያገኘውን ጉምጉምታ ሁሉ ይሰበስባል። ይህን አውቅ ነበር። ይበልጥ ያሳፈረኝም ማወቄ ነው።

የመዘምራኑ ሰዓት እየተቃረበ ነው። ሽማግሌው ጃኩን በፒንሳቸው ያዙልኝ። ሦስተኛውን ፒን ከግራውንዱ ጋር አገናኘሁት፤ የሁለተኛውንም ገመድ እንዲሁ። ስፒከሮቹን አበራሁ። ምንም የለም፤ ጸጥታ ብቻ።

"ይቅርታ አባባ" አልኩ።

"የጮህሽው እዚህ አይደለም" አሉኝ።

ወጣሁ። ሴትየዋ አሁንም ማጠፊያቸውን እየጠበቁ ነው።

"ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሳላጣራ ነው የተናገርኳቸው" አልኩ።

"ይሁን፣ ልጄ" አሉ ሴትየዋ። ሽማግሌው ግን ከኋላዬ መጥተው አልፈውኝ ሄዱና ብሬከሩን አነሱ።

መዘምራኑ በሰዓታቸው መጡ፤ ማሽኑ ሲሠራም ስፒከሩ አልተንጫጫም፤ ሥራውንም ወደዱት። እኔና ሽማግሌው ግን ሁለት ሳምንት ያህል "አካም" ብለን ሰላም ከመባባል አላለፍንም። ከዚያ አንድ ጠዋት እሳቸው በሬ ላይ ቆም ብለው እንዴት እንዳደርኩ ጠየቁኝ።